«ተገናኝቷል» የሚለው ምልክት ማስረጃ አይደለም፦ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚቆራረጥ ቪፒኤንን ስለ መመርመር

መግቢያ

ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ለማስተርስ ጥናቴ የሚያስፈልገኝን ስሌት የምሠራው በዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨሩ ከግቢው ውጭ ላለ ሰው የሚከፈተው በቪፒኤን ብቻ ነው። ከተከራየሁት ክፍል ሆኜ፣ በሞባይል ኢንተርኔት፣ ከኡቡንቱ ኮምፒውተሬ ስገናኝ በማያ ገጹ ጥግ የቁልፍ ምልክት ይታያል፤ ወደ ሰርቨሩ እገባለሁ፤ አጫጭር ትእዛዞችም ወዲያው መልስ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ረዘም ያለ የፋይል ዝርዝር ስጠይቅ ማያ ገጹ ይደርቃል፤ ፋይል ለመቅዳት ስሞክር ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ይህን ችግር ለመፍታት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በእነዚህ ሳምንታት የቪፒኤን ፕሮግራሙን አራት ጊዜ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጫንሁ። በሁለተኛው ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ያልገለበጥኋቸው የጥናት ማስታወሻዎቼ አብረው ጠፉ። በመጨረሻ መፍትሔው በአንድ የቅንብር ፋይል ውስጥ አንድ ቁጥር መቀየር ሆኖ ተገኘ።

ይህን ገጠመኝ የማነሣው የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሊኑክስ የሚጠቀሙ የድኅረ ምረቃ ጓደኞቼን ስጠይቅ በርካቶቹ በተመሳሳይ መንገድ አልፈዋል፦ ቪፒኤኑ ሲቆራረጥ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ፕሮግራሙን ነቅሎ መልሶ መትከል፣ ሌላ ዓይነት ሊኑክስ መሞከር፣ በመጨረሻም «ኔትወርኩ ነው» ብሎ መተው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው መከራከሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የሚቆራረጥ ቪፒኤን የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ የተለመዱት ምክንያቶች ጥቂት፣ የታወቁና በአጭር ጊዜ ሊለዩ የሚችሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ እነርሱን መለየት ከተመራማሪ የዘወትር ሥራ የሚቆጠር እንጂ ለኔትወርክ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚህ የሚያስፈልገውን መረጃ በጽሑፍ የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው።

ምልክቱ የሚያረጋግጠውና የማያረጋግጠው

ቪፒኤን በመሠረቱ በፓኬት ውስጥ ፓኬት የመክተት ዘዴ ነው። ኮምፒውተራችን የሚልከው መልእክት ተመስጥሮ በሌላ ፓኬት ውስጥ ይታሸጋል፤ ውጫዊው ፓኬት በተራው ኢንተርኔት ተጉዞ ቪፒኤን ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ ይከፈታል፤ ውስጣዊው ከዚያ ወደ መድረሻው ይቀጥላል። ይህን በዓይነ ኅሊና የሚታይ መንገድ መሿለኪያ እንለዋለን። በሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ በብዛት የምናገኛቸው ሁለት ፕሮግራሞች ኦፕን ቪፒኤንና ዋየርጋርድ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ከወጣው ከሊኑክስ ከርነል 5.6 ጀምሮ የከርነሉ አካል ሆኗል።

በዴስክቶፑ ላይ የሚታየው የቁልፍ ምልክት የሚነግረን ነገር ከምንገምተው በጣም ያነሰ ነው። በኦፕን ቪፒኤን ረገድ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወቅት ተዋውቀው ቁልፍ ተለዋውጠዋል ማለት ነው፤ አሁን ውሂብ ስለ ማለፉ ግን ምስክር አይሆንም። በዋየርጋርድ ረገድ ያንንም አይነግረንም። ዋየርጋርድ እንደ ስልክ ጥሪ የሚከፈትና የሚዘጋ ግንኙነት የለውም፤ ኔትወርክ ማኔጀር «ተገናኝቷል» የሚለን በኮምፒውተራችን ላይ የመሿለኪያው አፍ ስለ ተዘጋጀ ብቻ ነው። የሰርቨሩን ቁልፍ አሳስተን ብንጽፍለት እንኳ ምልክቱ ይበራል። እውነተኛውን ሁኔታ የሚናገረው የመጨረሻው የቁልፍ ልውውጥ የተደረገበት ጊዜ ነው። ዋየርጋርድ ውሂብ እየተላለፈ ሳለ በየሁለት ደቂቃው ገደማ ቁልፉን ያድሳል፤ ከሦስት ደቂቃ ያለፈውን ቁልፍም አይጠቀምበትም። ስለዚህ ለመላክ እየሞከርን የመጨረሻው ልውውጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከዘገየ፣ ምልክቱ ቢበራም መስመሩ አይሠራም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ችግሩን በአንድ ጥያቄ ማለትም «ቪፒኤኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» በሚል ብቻ መመርመር እንደማይቻል ነው። ቪፒኤን የብዙ ነገሮች ድምር ነው፤ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ይበላሻል፤ ሲበላሽም የራሱን ምልክት ያሳያል።

ትልቅ ፓኬት፣ ጠባብ መንገድ

የእኔ ችግር ከፓኬት መጠን የመነጨ ነበር። የኢተርኔት የተለመደው ከፍተኛ የፓኬት መጠን 1500 ባይት ነው። ፒፒፒኦኢ በሚባለው ስልት በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ከዚህ ላይ 8 ባይት ይወስድና 1492 ያስቀራል፤ አንዳንድ የሞባይል መረቦች ከዚህም ያነሰ ብቻ ያሳልፋሉ። ዋየርጋርድ በበኩሉ ለማሸጊያው በአይፒቪ4 ላይ 60፣ በአይፒቪ6 ላይ 80 ባይት ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት የመሿለኪያው የተለመደ መጠን 1420 ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ቁጥር የተሰላው መንገዱ ሙሉውን 1500 ያሳልፋል በሚል ግምት ነው፤ ግምቱ ሲፈርስ ቁጥሩም ይፈርሳል።

በመርሕ ደረጃ፣ ፓኬቱ ከአቅሙ በላይ የሆነበት መሣሪያ ለላኪው «አሳንስ» የሚል መልእክት መመለስ አለበት። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990 በአርኤፍሲ 1191 ተጽፏል። በተግባር ግን ይህን መልእክት የሚከለክሉ ፋየርዎሎችና የተቆራረጡ ፓኬቶችን የማያሳልፉ መረቦች ጥቂት አይደሉም። ለተጠቃሚው የሚታየው ውጤት ግራ የሚያጋባ ነው፤ ትንንሽ ፓኬቶች ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይጠፋሉ። ተማሪው ወደ ሰርቨሩ ይገባል፣ ሥራ ግን መሥራት አይችልም። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ ምልክቱም በርቷል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ከኮምፒውተሩ ወይም ከራሱ ይፈልጋል።

መመርመሪያው ግን ቀላል ነው። ቪፒኤኑን ዘግተን ወደ ቪፒኤን ሰርቨሩ አድራሻ ፒንግ እንልካለን፤ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ እናዝዛለን፤ መጠኑን ከ1472 ጀምረን ዝቅ እያደረግን የሚያልፈውን ከፍተኛ ቁጥር እንፈልጋለን። 1472 የተመረጠው የራስጌው 28 ባይት ሲደመርበት 1500 ስለሚሆን ነው። በእኔ መስመር ያለፈው ከፍተኛ ቁጥር 1402 ነበር። 28 ሲደመርበት 1430፣ ከዚያ ላይ የዋየርጋርድ 60 ሲቀነስ 1370 ይሆናል። ጥቂት ትርፍ ትቼ 1360 ስጽፍ፣ ሦስት ሳምንት ዜሮ ላይ የቆመው ፋይል ተቀዳ። ሰርቨሩ ፒንግ የማይመልስ ከሆነም አማራጭ አለ፤ የመሿለኪያውን መጠን ለጊዜው 1280 ማድረግ። ይህ አይፒቪ6 የሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን በመሆኑ በአብዛኛው መንገድ ላይ ያልፋል። ችግሩ በዚህ ከጠፋ ምክንያቱ የፓኬት መጠን ነው፤ ካልጠፋም አንድ ምክንያት ከዝርዝሩ ወጥቷል። በኦፕን ቪፒኤን ተቀራራቢ ሥራ የሚሠራው ኤምኤስኤስፊክስ የሚባለው ቅንብር ነው።

ዝምታ፣ እንቅልፍና ሰዓት

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት ዝምታ ነው። በቤት ራውተር ወይም በሞባይል መረብ የምንጠቀም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን የአደባባይ አድራሻ የለንም፤ በመካከል ያለ መሣሪያ አድራሻችንን በራሱ አድራሻ ይተካል፤ መልሱ ለማን እንደሚሄድም በሠንጠረዥ ይመዘግባል። ውሂብ ለተወሰነ ጊዜ ካላለፈ መዝገቡን ይሰርዛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አርኤፍሲ 4787 ይህ ጊዜ በዩዲፒ ረገድ ከሁለት ደቂቃ እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የሚሰርዙ መሣሪያዎች በሥራ ላይ አሉ።

ዋየርጋርድ የሚላክ ነገር ከሌለው ዝም የሚል ፕሮግራም ስለሆነ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። ምልክቱ የሚከተለው ነው፦ ተማሪው ረጅም ስሌት አስጀምሮ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ ሲመለስ ማያ ገጹ ባለበት ቆሟል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን የዘገየው ውጤት በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ሰርቨሩ ሲልክ የነበረው በተሰረዘ መዝገብ ላይ ነበር፤ ቁልፉ ሲጫን ከእኛ በኩል ፓኬት ወጥቶ መዝገቡን አደሰው። መፍትሔው በየጊዜው ትንሽ ፓኬት እንዲላክ ማዘዝ ነው። በዋየርጋርድ የሚመከረው 25 ሰከንድ ነው። በኦፕን ቪፒኤን ደግሞ በየ10 ሰከንዱ መላክና 60 ሰከንድ መልስ ከጠፋ እንደገና መገናኘት የተለመደ ቅንብር ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የላፕቶፕ እንቅልፍና የዋይፋይ ኃይል ቁጠባ ነው። ኡቡንቱ በነባሪ ቅንብሩ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባን ያበራል፤ በአንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ላይ ይህ መዘግየትንና የፓኬት መጥፋትን ያስከትላል። እዚህ ላይ ቪፒኤኑ የሚወቀሰው ያለ ጥፋቱ ነው። በክፍላችን ውስጥ ወዳለው ራውተር የምንልከው ፒንግ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ነገር ሁሉ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ሦስተኛው ብዙም የማይጠረጠረው ምክንያት ሰዓት ነው። የመብራት መቆራረጥ በተለመደበት አካባቢ፣ የእናት ሰሌዳው ባትሪ ያረጀ የላቦራቶሪ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የዋየርጋርድ ሰርቨር የቆየ መልእክትን ገልብጦ መልሶ የሚልክ አጥቂን ለመከላከል ሲል፣ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ የመጣውን የመጨረሻ የጊዜ ማኅተም ይመዘግባል፤ ከዚያ የቀደመ ማኅተም ይዞ የሚመጣን የመተዋወቂያ ጥያቄ ያለ ምንም መልስ ይጥለዋል። በኦፕን ቪፒኤን ደግሞ ሰርተፊኬቱ «ገና ጊዜው አልደረሰም» ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ትራፊኩን ሁሉ በቪፒኤን ብቻ እንዲልክ ተደርጎ ከተዘጋጀ ችግሩ ራሱን ይቆልፋል፤ ሰዓቱ ካልተስተካከለ ቪፒኤኑ አይከፈትም፣ ቪፒኤኑ ካልተከፈተ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ማስተካከል አይቻልም። ይህን ኮምፒውተር ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት የትም አያደርስም፤ ሰዓቱን በእጅ ማስተካከልና አነስተኛዋን ክብ ባትሪ መቀየር ግን ይፈታዋል።

ስምና መንገድ

አራተኛው የስም ጉዳይ ነው። የሰርቨሩን አድራሻ በቁጥር ስንጽፍ ይከፈታል፣ በስም ስንጽፍ «አልተገኘም» እንባላለን። ኡቡንቱን ጨምሮ በበርካታ የሊኑክስ ዓይነቶች፣ በፌዶራም ከእትም 33 ጀምሮ፣ ስምን ወደ ቁጥር የመተርጎሙን ሥራ የሚያስተባብረው ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ የተባለው አገልግሎት ነው፤ የትኛው ስም ለየትኛው የዲኤንኤስ ሰርቨር መቅረብ እንዳለበት የሚወስነውም እርሱ ነው። ኦፕን ቪፒኤንን ከተርሚናል በቀጥታ ያስነሣ ተጠቃሚ ሰርቨሩ የሰጠው የዲኤንኤስ መረጃ በሥራ ላይ ሳይውል ሊቀርበት ይችላል፤ ፕሮግራሙ በሊኑክስ ላይ ይህን መረጃ ለረጅም ዘመን የሚቀበለው ራሱ ሳያስፈጽመው፣ ለሌላ አጋዥ ስክሪፕት በማስተላለፍ ነበርና። ያንኑ ግንኙነት በኔትወርክ ማኔጀር በኩል ሲከፍተው ይሠራለታል። አንድ ፋይል፣ አንድ ሰርቨር፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች፤ ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ይህ እንደ ዕድል ይታያል።

አምስተኛው የአድራሻ ግጭት ነው። የቤት ራውተሮች በብዛት በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 የሚጀምሩ አድራሻዎችን ያድላሉ። የግቢው የውስጥ መረብም በተመሳሳይ ቁጥር ከተዘጋጀ፣ ኮምፒውተሩ የግቢውን ሰርቨር በገዛ ክፍላችን ውስጥ ሊፈልገው ይችላል። ከጓደኛ ቤት ሲሞከር የሚሠራ ከራስ ቤት ግን የማይሠራ ቪፒኤን ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

ስድስተኛው ከሁሉም ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል፤ ምክንያቱም ምንም የሚታይ ምልክት የለውም። ቪፒኤኑ የሚሸከመው አይፒቪ4ን ብቻ ሆኖ ተጠቃሚው የሚገኝበት መረብ ደግሞ አይፒቪ6ንም የሚሰጥ ከሆነ፣ የአይፒቪ6 ትራፊክ ከመሿለኪያው ውጭ በግልጽ መንገድ ይወጣል። ይህ ሥጋት እ.ኤ.አ. በ2014 በአርኤፍሲ 7359 በዝርዝር ተገልጿል። የታካሚዎችን ቃለ መጠይቅ የሚሰበስብ ተማሪ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ «መረጃውን በተመሰጠረ የተቋሙ መስመር ብቻ አስተላልፋለሁ» ብሎ ፈርሞ ሊሆን ይችላል። የቁልፉን ምልክት አምኖ በካፌ ዋይፋይ ላይ ሲሠራ፣ ሳያውቀው ቃሉን ያፈርሳል። ስለዚህ ቪፒኤን መመርመር ከፍጥነትና ከምቾት አልፎ የምርምር ሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል።

ሰባት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘሩትን ምክንያቶች ለመለየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ቅደም ተከተል ነው። እኔ የምጠቀምበት የሚከተለው ነው። አንድ፣ በክፍሌ ያለው ራውተር ለፒንግ ያለማቋረጥ ይመልሳል? ሁለት፣ ቪፒኤኑ ተዘግቶ ተራው ኢንተርኔት ይሠራል፣ የኮምፒውተሩስ ሰዓት ትክክል ነው? ሦስት፣ ቪፒኤኑ ሲከፈት የቁልፍ ልውውጡ የተደረገው መቼ ነው? አራት፣ በመሿለኪያው ውስጥ ያለ አንድ ሰርቨር በቁጥር አድራሻው ይመልሳል? ካልመለሰ፣ የመንገድ ሠንጠረዡ ወደዚያ አድራሻ የሚወስደው በየት በኩል ነው? አምስት፣ ትልቅ ፓኬት ያልፋል? ስድስት፣ ያው ሰርቨር በስሙ ሲጠራ ይገኛል? ሰባት፣ ለአሥር ደቂቃ ዝም ብለን ስንመለስ ግንኙነቱ አለ?

የእነዚህ ጥያቄዎች ዋና ጥቅም «አይሠራም» የሚለውን አጠቃላይ ቅሬታ ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ማጥበባቸው ነው። የመጀመሪያው «አይደለም» የተገኘበት ጥያቄ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ያመለክታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን መነካካት አያስፈልግም። የአይፒቪ6 መፍሰስ ግን ከእነዚህ ውጭ ለብቻው መታየት አለበት፤ ሰባቱም ጥያቄዎች «አዎን» ተብለው ሲመለሱም ሊኖር ይችላልና።

በምርመራው ጊዜ ሁለት ደንቦችን መጠበቅ ይገባል። የመጀመሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርና፣ ለውጡ ካልረዳ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ሁለተኛው ማንኛውንም ነገር ከመንቀል በፊት የሲስተሙን መዝገብ ማስቀመጥ ነው። ሊኑክስ ኔትወርክ ማኔጀርና የቪፒኤን ፕሮግራሙ ያደረጉትን በሰዓትና በሰከንድ ይመዘግባል፤ ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝም ይነበባል። እኔ ሲስተሙን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ስጭን ያጠፋሁት የጥናት ማስታወሻዎቼን ብቻ አልነበረም፤ ጥፋቱን ሊነግረኝ የሚችለውን መዝገብም ነበር። በላቦራቶሪ ያልተጠበቀ ውጤት ሲያጋጥመን ናሙናውን አውጥተን አንጥልም። ለኮምፒውተራችን ግን ይህን ጥንቃቄ እንነፍገዋለን።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ፓኬት መጠን ለምን አውቃለሁ?» የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ድምፅ መቅጃ ይዞ ወደ መስክ የሚወጣ የታሪክ ተመራማሪ ባትሪውን መፈተሽና መቅጃው መቅዳቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል፤ መሐንዲስ ሁን ግን አልተባለም። ቪፒኤንም ለብዙዎቻችን የምርምር መሣሪያ ሆኗል፤ ሰባቱ ጥያቄዎችም ከባትሪ መፈተሽ እጅግ የራቁ አይደሉም።

«ሊኑክስን ትቶ ዊንዶውስ መጠቀም ይሻላል» የሚሉም አሉ። በስምና በኃይል ቁጠባ ረገድ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልዩነት እውነት ነው። ጠባቡ መንገድ፣ የሚሰረዘው መዝገብና የሚጋጨው አድራሻ ግን በኮምፒውተሩ ውስጥ የሉም፤ በመስመሩ ላይ ናቸው። ሲስተም የቀየረ ሰው እነርሱን ይዞ ይሄዳል።

ሌሎች ደግሞ «ኦፕን ቪፒኤንን በቲሲፒ ማስኬድ ሁሉንም ይፈታል» ይላሉ። ዩዲፒ በተከለከለበት መረብ ይህ ጠቃሚ መውጫ ነው። ፓኬት በሚጠፋበት መስመር ላይ ግን ውስጣዊው ቲሲፒም ውጫዊው ቲሲፒም የጠፋውን እንደገና ስለሚልኩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ መስመሩ ይበልጥ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ቲሲፒ የመጨረሻ አማራጭ ቢሆን እንጂ መነሻ ባይሆን እመርጣለሁ።

ከማን ምን ይጠበቃል

የተማሪው ድርሻ ከላይ ተገልጿል። አንድ ነገር ልጨምር፦ መስመር ይቆረጣል፣ ሥራ ግን አብሮት እንዲቆረጥ መፍቀድ የለብንም። በሰርቨሩ ላይ ረጅም ስሌት የሚያስጀምር ሁሉ፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው እንዲቀጥል ቲመክስን በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ቢያስጀምረው፣ ትልቅ ፋይል የሚልክም አርሲንክን ተጠቅሞ ካቆመበት እንዲቀጥል ቢያደርግ፣ ፍጹም ያልሆነ ቪፒኤን እንኳ ጥናትን አያስተጓጉልም።

የተቋማት ድርሻ ግን ከዚህ ይበልጣል። ለእርዳታ በጠየቅሁ ጊዜ ያገኘሁት መልስ «ሊኑክስ አንደግፍም» የሚል ነበር። የሚጠይቁት ተማሪዎች ብዙ፣ የሚመልሱት ባለሙያዎች ጥቂት መሆናቸውን እረዳለሁ። እኔ የፈለግሁት ግን ባለሙያ ክፍሌ ድረስ እንዲመጣ አልነበረም፤ አንድ ገጽ ነበር። በዚያ ገጽ ላይ የፕሮግራሙ ዓይነትና የፖርት ቁጥሩ፣ የሚመከረው የፓኬት መጠን፣ የማንቂያው ጊዜ፣ የዲኤንኤስ ሰርቨሩና የውስጥ ስሞቹ፣ በቪፒኤን የሚደረስባቸው አድራሻዎች፣ አይፒቪ6 በመሿለኪያው ይተላለፍ እንደሆነ፣ ከዚህም ጋር ሰባቱን የመሰሉ ጥያቄዎች በአማርኛ ቢጻፉ በቂ ነው። እነዚህ መረጃዎች ለማንኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያገለግላሉ፤ ሊኑክስን «መደገፍ» ወይም አለመደገፍ የሚለውን ክርክርም ያስቀራሉ። ገጹ ሲኖር ለባለሙያው የሚደርሰው አቤቱታ «አይሠራም» መሆኑ ይቀርና «አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቆሟል፤ ያለፈው ከፍተኛ ቁጥር 1402 ነው» የሚል ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ያልተለካ ጥፋትም መፍትሔ አይገኝለትም።

በተጨማሪም ሁለት ነገሮች ቢደረጉ እጠቁማለሁ። የግቢ መረቦች ሲደራጁ ወይም ሲታደሱ ከቤት ራውተሮች ጋር የማይጋጩ የአድራሻ ክልሎች ይመረጡ፤ ይህ በዕቅድ ጊዜ ወጪ የሌለው፣ ዘግይቶ ሲታረም ግን ውድ የሆነ ውሳኔ ነው። የምርምር ዘዴ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜም ሁለት ሰዓት ለርቀት ሥራ መሣሪያዎች ይመደብ። ስለ ናሙና አመራረጥና ስለ ምንጭ አጠቃቀስ እንማራለን፤ ናሙናውና ምንጩ የሚያልፉበትን መስመር ስለ መፈተሽ ግን ምንም አንማርም።

መደምደሚያ

የሚቆራረጥ ቪፒኤን በድኅረ ምረቃ ተማሪ ላይ የሚጭነው ዋጋ በየትም አይመዘገብም። የሚታየው የዘገየ ምዕራፍ፣ ለአማካሪ ያልደረሰ ረቂቅ፣ ወይም የተራዘመ ሴሚስተር ነው፤ ምክንያቱ ሲጠየቅም «ኔትወርክ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ያጠፋኋቸውን ማስታወሻዎች ከትዝታ ለመጻፍ ሞክሬ ግማሹን ብቻ ነው ያገኘሁት። በአንጻሩ መስመሬ ያለፈበትን ከፍተኛ ቁጥር ለመለካት የወሰደብኝ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ቁጥሩን፣ የለካሁበትን ቀንና የቀየርሁትን መስመር በወረቀት ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ቤት ስቀይር የመጀመሪያ ሥራዬ እንደገና መለካት ይሆናል።